አባዬን ወደ ማዕዱ የመለሰው የሥጋ ሙልሙል

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ምግብ ነው። «ወንድ ልጅ ደግሞ ስለ ምግብ ምን ያወራል?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ፣ እሱም ላይ እደርሳለሁ።

ነገሩ የጀመረው አባዬ ሐኪም ቤት ሄዶ የተመለሰ ዕለት ነው። አባዬ ራሱን ሲያመው «ምች ነው» ብሎ ዳማ ከሴ አሽቶ የሚተኛ ሰው ነበር። የዚያን ሰሞን ግን ራስ ምታቱ አልለቅ ሲለው እማዬ ጎትታ ወሰደችው። ሲመረመር የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ኮሌስትሮሉም እንዲሁ። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዙለትና «ከእንግዲህ ቅቤ፣ ጮማና ጨው ይቀንሱ» አሉት። ልብ በሉ፣ «ይቀንሱ» ነው ያሉት። እማዬ ግን የሰማችው «ይተዉ» ብለው ነው!

ከማግስቱ ጀምሮ ቤታችን ሁለት ድስት ይጣድ ጀመር። በአንዱ የእኛ ወጥ፣ በሌላው የአባዬ ቅቅል ድንችና ካሮት። ጨው የለው፣ ቅመም የለው፣ ወዝ የለው። አባዬ ለሁለት ሳምንት ያህል ቃል ሳይተነፍስ በላ። ከዚያ በኋላ ግን ምሳ ሲቀርብ «እናንተ ብሉ፣ እኔ ቆየት ብዬ እበላለሁ» ማለት አመጣ። ቀስ በቀስ ሳህኑን ይዞ መኝታ ቤት መግባት ጀመረ። እሁድ እሁድ ከአንድ ትሪ እየቆረሰ የሚያጎርሰን፣ በጨዋታው የሚያስቀን አባታችን ከማዕድ ቀረ። ቦታው ክፍት ሆነ። እኛም ቶሎ ቶሎ በልተን መነሳት ለመድን።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከአንድ ሉካንዳ በር ላይ ማንን ባይ ጥሩ ነው? አባዬን! በአንድ እጁ ቢላዋ፣ በሌላው ጮማ የበዛበት ጥሬ ሥጋ፣ ፊት ለፊቱ አዋዜ። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እሱም አፈረ፣ እኔም አፈርኩ። «ለእናትህ እንዳትነግር» አለኝ፤ እኔም አልነገርኩም። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባዬ ላይ መፍረድ አቃተኝ። እስቲ እናንተው ንገሩኝ፣ ሰው ዕድሜ ልኩን ጨው አልባ ቅቅል ድንች እየበላ፣ ያውም ለብቻው፣ እንዴት ይዘልቃል?

ጥያቄዬ ይኼ ነበር፦ ሥጋ የሆነ፣ ነገር ግን ስቡና ጨው የቀነሰ፣ ለእሱም ለእኛም ከአንድ ትሪ የሚቀርብ ምግብ የለም ወይ?

አክስቴ በስልክ የነገረችኝ

አክስቴ አሜሪካን አገር፣ ዋሽንግተን አጠገብ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ብዙ ዓመት ኖራለች። ጉዳዩን ሳጫውታት «አንተ፣ ለምን ሚት ሎፍ አትሠራለትም?» አለችኝ። ሎፍ ማለት ሙሉ ዳቦ ነው። የተፈጨ ሥጋ ከዳቦ ፍርፋሪ፣ ከእንቁላልና ከሽንኩርት ጋር ይደባለቅና እንደ ዳቦ ተድቦልቡሎ ኦቨን ውስጥ ይጋገራል፤ ላዩ ካቻፕ ይቀባል፤ ሲበስል እንደ ዳቦ እየተቆረሰ ይበላል። ጣሊያኖችም ፖልፔቶኔ የሚሉት የራሳቸው ዓይነት አላቸው። አባዬ በኋላ ሲያየው ያወጣለት ስም ግን ከሁሉም ይሻላል፤ «የሥጋ ሙልሙል» ነው ያለው። ስለዚህ እኔም ከዚህ በኋላ ሙልሙል እያልኩ ነው የምቀጥለው።

አሜሪካኖች ይህን ምግብ የወደዱት በድሎት ጊዜ እንዳይመስላችሁ። በተለይ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1929 የጀመረው ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ሥራና ገንዘብ ባሳጣቸው ዓመታት ነው። ለአራት ሰው የማትበቃ ሥጋ የደረቀ ዳቦ ወይም አጃ ሲጨመርባት ለስምንት ትበቃለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ሥጋ በኩፖን ይታደል ስለነበር ያው ዘዴ ጠቀማቸው። የእኛ እናቶች ምንቸት አብሽ ሲሠሩ ሽንኩርቱን አብዝተው ሥጋውን «እንደሚያባርኩት» ማለት ነው። ችግር ያመጣው ይህ ዳቦና አጃ ኋላ ላይ ለእኔ ትልቁ ቁልፍ ሆኖ ተገኘ። እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

አክስቴ የሰጠችኝ አሠራር ግን ለአባዬ የሚሆን አልነበረም። እዚያ አገር የተፈጨ ሥጋ ሲሸጥ ላዩ ላይ ስንት እጁ ቀይ፣ ስንት እጁ ስብ እንደሆነ ተጽፎበታል። እሷ የምትጠቀመው ሰማንያ እጁ ቀይ፣ ሃያ እጁ ስብ የሆነውን ነው። አንድ ኪሎ ይፈልጋል። እስቲ አብረን እናስላ፦ በአንድ ኪሎው ውስጥ 200 ግራም ስብ አለ። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ስለዚህ ከስቡ ብቻ 1800 ኪሎ ካሎሪ! ለስምንት ሰው ቢካፈል ለእያንዳንዱ 25 ግራም ስብ ይደርሰዋል። እውነት ነው፣ ሲጋገር ከፊሉ ቀልጦ ይወጣል፤ ቢሆንም ብዙ ነው። ካቻፑም አለ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ካቻፕ ወደ 4 ግራም የሚጠጋ ስኳር ይዟል፤ ጨውም አለበት። እሷ ደግሞ ግማሽ ጠርሙስ ነው የምትደፋበት!

የመጀመሪያው ውርደቴ

«ቀላል ነው፣ ስቡን ማውጣት ነው» አልኩ በልቤ። ሉካንዳ ሄጄ «የክትፎ ሥጋ ፍጭልኝ፣ ጅማትም ጮማም እንዳይነካው» አልኩት። ልብ አድርጉ፣ ክትፎ ቅባታም የሚሆነው በቅቤው ነው እንጂ ሥጋው ራሱ ቀይ ነው። ሻኛና ፍሪምባ ከሆነ ግን ስብ አለው። ስለዚህ «የክትፎ» ማለቱ በአማርኛ «ስብ የሌለው ስጠኝ» እንደማለት ነው። ይህን ያህል ጎበዝ ነበርኩ።

ወጥ ቤት ስገባ ጎረቤታችን እማማ ቡና ሊጠጡ መጥተው ኖሮ «ምነው ልጄ፣ ቤቱ ሴት ጠፋበት እንዴ?» አሉ። እማዬ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ግን አልወጣሁም። (ወንድሞቼ፣ ሽንኩርት መክተፍ ማንንም ወንድ ሲያሳንስ አላየሁም። አባቱ ታሞ ቁጭ ብሎ የሚያይ ግን ያሳዝናል። ይኸው፣ እደርስበታለሁ ያልኩት ነገር ይህ ነበር።)

ሥጋውን ከሽንኩርትና ከእንቁላል ጋር አድርጌ እንደ ሊጥ አሸሁት። ሊጥ ሲታሽ ያምራል አይደል? እኔም አሸሁ፣ አሸሁ። ጋገርኩት። ሲወጣ ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው። ሲቆረስ ግን ሰጋቱራ! በዚያ ላይ እንደ ጫማ ሶል የሚለጠጥ። አባዬ አንድ ቁራሽ በውኃ አወራርዶ «ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ተነሳ። አዘኔታው ከስድብ ይብስ ነበር።

ያኔ ነው ስብ ሥጋ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር ማጠያየቅና ማንበብ የጀመርኩት።

ስብ ምን ይሠራ ነበር?

ሥጋ ማለት በአብዛኛው ፕሮቲንና ውኃ ነው። እሳት ሲያገኘው ፕሮቲኑ ይኮማተራል፤ እንደሚጨመቅ ስፖንጅ የያዘውን ውኃ ያወጣል። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ በኋላ ይህ መጨመቅ እየበረታ ይሄዳል። ስብ ያለበት ሥጋ ሲሆን የቀለጠው ስብ በመሀል በመሀሉ ገብቶ ያለሰልሰዋል፤ ውኃው ቢወጣም ምላሳችን ደረቀ አይልም። ሽታና ጣዕምም ይሸከማል። እኔ ያደረግሁት ምንድን ነው? ስቡን አስወጣሁ፣ በቦታው ግን ማንንም አልተካሁም። ሠራተኛ አባርሮ ሥራው ለምን ቆመ እንደማለት ነው!

ማሸቱም ሌላ ጥፋት ነበር። የተፈጨ ሥጋ ከጨው ጋር ብዙ ሲታሽ የሚያጣብቅ ፕሮቲን ይወጣውና እርስ በርሱ ይያያዛል። ቋሊማ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ሆን ብለው ያደርጉታል፣ እንዲለጠጥ ስለሚፈልጉ። ለሙልሙል ግን መርዝ ነው።

ታዲያ ስቡን የሚተካው ምንድን ነው? እነሆ፣ ያ የድሃ ዘዴ እዚህ ላይ መጣ! የደረቀ ዳቦ ወተት ወይም ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ በውስጡ ያለው ስታርች ውኃውን ይጠጣል፤ ሲሞቅም አጥብቆ ይይዘዋል። ከሥጋው ጋር ሲደባለቅ በፕሮቲኖቹ መካከል ገብቶ እንዳይጣበቁና እንዳይጨማመቁ ያደርጋቸዋል። አጃም ያው ሥራ ይሠራል። የተጠበሰ ሽንኩርትና የተፈገፈገ ካሮት ደግሞ ጣዕምና ርጥበት ያመጣሉ። የተቀቀለ ድፍን ምስር ሲጨመር ሙልሙሉ ይበዛል፣ ይለሰልሳልም። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር ወደ 18 ግራም ፕሮቲንና 15 ግራም ያህል አሰር ሲኖረው ስቡ ከቁጥር አይገባም። ምስሩ ቡናማ ስለሆነ ከሥጋው ጋር ሲመሳሰል ማንም አይለየውም። ታናሽ እህቴ ምስር አልበላም የምትል ናት፤ እስካሁን አላወቀችም። ይህን መጽሔት ካላነበበች በቀር!

አሠራሩ

ሁለተኛውን ሙከራ በዝርዝር አልነግራችሁም። ዙኩኒ ፈግፍጌ ውኃውን ሳልጨምቅ ከትቼ ገንፎ ሆኖብኝ በማንኪያ ነው የበላነው። ዙኩኒ የምትጠቀሙ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ጭመቁት፣ በቃ። ሦስተኛው ግን እንዲህ ነበር፣ ለስድስት ሰው ይበቃል።

ግማሽ ኪሎ የክትፎ ሥጋ አስፈጩ። የተቀቀለና ውኃው በደንብ የተጠለለ አንድ ኩባያ ድፍን ምስር በሹካ ዳመጥ ዳመጥ አድርጉት፤ ከነጭራሹ አይላም። ያደረ ዳቦ ሁለት ቁራጭ ፈርፍራችሁ በግማሽ ኩባያ ወተት ዘፍዝፉ። ወተት ከሌለ ውኃም ይሆናል። አንድ ጊዜ ዳቦ አጥቼ ድርቆሽ አድቅቄ ዘፍዝፌ ነበር፤ ትንሽ ይኮመጥጣል እንጂ ይሠራል፣ አባዬ እንዲያውም ወዶታል። አንድ ራስ ትልቅ ሽንኩርት በደቃቁ ክተፉና በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት እስኪለሰልስ አቁላሉት። ጥሬውን ከከተታችሁት ውኃ እያወጣ ሙልሙሉን ይሰነጥቀዋል፤ ሲታኘክም ይንኮሻኮሻል። ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የተፈገፈገ ካሮትና ትንሽ የተከተፈ የጥብስ ቅጠል ሽንኩርቱ ላይ ጨምሩና አብራችሁ አብስሉ። አውጥታችሁ አቀዝቅዙት።

አሁን ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። የራሰውን ዳቦ፣ አንድ እንቁላል፣ የቀዘቀዘውን ሽንኩርት፣ ምስሩን፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ቁንዶ በርበሬ በአንድ ላይ መጀመሪያ በደንብ ደባልቁ። ጨዋታውን እዚህ ላይ ጨርሱ። ሥጋው መጨረሻ ላይ ይገባል፤ ያኔ በጣቶቻችሁ ገለጥ ገለጥ እያደረጋችሁ እስኪቀላቀል ብቻ ነው። እጃችሁ ማሸት ካማረው ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት።

ስለ ጨው አንድ ነገር ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ትልቅ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲበላ ይመክራል፤ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በዚህ ሙልሙል ውስጥ የገባው 3 ግራም ያህል ነው፤ ለስድስት ሲካፈል ለአንድ ሰው ግማሽ ግራም ገደማ ይደርሳል። ነገር ግን አደራ፣ ሚጥሚጣ ስትጨምሩ ተጠንቀቁ። በርበሬና ሚጥሚጣ ሲዘጋጁ ብዙ ጊዜ ጨው ይገባባቸዋል። እማዬ ይህን የተረዳችው ዘግይታ ነው፤ ከዚያ በኋላ የአባዬን ሚጥሚጣ ያለ ጨው ለብቻ ታስፈጫለች። ኮረሪማና ነጭ ሽንኩርት፣ ላዩ ላይ ደግሞ ጥቂት ሎሚ ሲጠብበት የጨውን ቦታ በጥሩ ሁኔታ ይሸፍናሉ።

ለላይኛው ቅብ ካቻፕ አልተጠቀምኩም። ሁለት የበሰሉ ቲማቲሞች ፈግፍጌ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ከጥቂት አቼቶና ከአንድ የሻይ ማንኪያ ማር ጋር እስኪወፍር አበሰልኩት። የቲማቲም ድልህ ስትገዙ ጨው ያልገባበት ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። የቅቡን ግማሽ ከመጋገሩ በፊት፣ ግማሹን ሊወጣ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ቀባሁት።

አጋገሩን በተመለከተ አክስቴ ጎድጓዳ የዳቦ ቅርጽ ውስጥ ነው የምትከተው። እሱ ስቡን አቅፎ ይይዘዋል፣ ሥጋው በራሱ ቅባት ይዋኛል። እኔ ግን ዝርግ ትሪ ላይ በእጄ ሙልሙል አስመስዬ፣ ስምንት ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ሰጥቼ አስቀመጥኩት። የሚቀልጥ ስብ ካለ ይፈስሳል፣ ዙሪያውም ቡናማ ይሆናል። 180 ዲግሪ በጋለ ኦቨን ከ45 እስከ 55 ደቂቃ ይፈጃል። ሲወጣ ወዲያው አትቁረሱት! አሥር ደቂቃ ይረፍ። ትኩስ ሳለ ከተቆረሰ ይፈረካከሳል፣ ወዙም ትሪው ላይ ይቀራል።

ሒሳቡንስ? የክትፎው ሥጋ ስቡ ከመቶ ሰባት እጅ ነው ብንል በግማሽ ኪሎው 35 ግራም አለ። ዘይቱ 14፣ እንቁላሉ 5 ግራም ገደማ። ወተቱም ትንሽ አለው፤ ሁሉም ተደምሮ 60 ግራም አይሞላም። ለስድስት ሰው ሲካፈል ለአንዱ 10 ግራም እንኳ አይደርስም። ከአክስቴ 25 ግራም ጋር አስተያዩት። ለነገሩ ከሥጋና ከቅቤ የሚገኘው ስብ ብዙው ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርገው ዓይነት ነው፤ ሐኪሙ «ቀንሱ» ያሉትም ይህንኑ ነበር።

ኦቨን የለንም ለምትሉ

«አንተ ኦቨን ስላለህ ነው» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኛም ቤት ቢሆን ኦቨኑ ያለው መብራት ሲኖር ነው! አንድ እሁድ ሊጡ ተዘጋጅቶ፣ ይቅርታ ሥጋው ተዘጋጅቶ፣ መብራቱ እልም አለ። እማዬ ናት ያዳነችኝ። ሙልሙሉን የሚይዝ ትንሽ ብረት ድስት ዘይት ነካ አድርጋ ሥጋውን ከተተችበትና አፉን በፎይል ሸፈነችው። ከዚያ ትልቁን ድስት ከሰል ምድጃ ላይ ጥዳ ውኃ ጨመረችና ትንሹን በውስጡ አስቀመጠች፤ ውኃው እስከ ትንሹ ድስት ግማሽ ቁመት እንዲደርስ አደረገች። ትልቁን ክዳን ገጥማ ለአንድ ሰዓት ያህል አንፈቀፈቀችው። ውኃው ሲያንስ የፈላ ውኃ ይጨመርበታል። እንዲህ የሠራችሁት ቡናማ ቅርፊት አያወጣም፣ ልስላሴው ግን ከኦቨኑም ይበልጣል። ብቻ ከሰል ከሆነ በርና መስኮት ይከፈት፤ የከሰል ጭስ ገዳይ መሆኑን ታውቃላችሁ።

መብሰሉን በምን ታውቃላችሁ?

ይህን ክፍል እባካችሁ አትዝለሉት። «ለብ ለብ» የለመድን ሕዝብ ነን፤ ሙልሙል ግን ለብ ለብ አይሆንም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ያልተፈጨ ሙዳ ሥጋ ላይ ጀርሞች የሚቀመጡት በአብዛኛው ከላይ ነው፤ ላዩን እሳት ሲያገኘው ይሞታሉ። ሥጋው ሲፈጭ ግን ላይኛው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። መፍጫ ማሽኑ በደንብ ሳይታጠብ የጠዋቱ ሥጋ ከሰዓቱ ጋር ከተገናኘማ ተዉት። ኢ.ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ አንዳንዱ ዓይነት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል። የኮሶ ትልም ቢሆን የሚገኘው በደንብ ካልበሰለ የከብት ሥጋ ነው። ጤነኛ ጎረምሳ ሁለት ቀን አልጋ ይዞ ሊነሳ ይችላል። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡርና ለአዛውንት፣ እንዲሁም ቫይረሱ በደማቸው ኖሮ የመከላከል አቅማቸው ለቀነሰ ወገኖቻችን ግን ነገሩ የከፋ ነው። ማዕዱ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ጤናውን ነግሮን አይደለም የሚቀመጠው፤ ስለዚህ ለሁሉም አብስሎ ማቅረብ ነው የሚበጀው።

የተፈጨ የከብት ሥጋ መሀሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። በዶሮ ሥጋ ከሠራችሁት 74። የሥጋ ቴርሞሜትር ካገኛችሁ ወፍራሙ ቦታ መሀል ድረስ ወግታችሁ አንብቡ፤ እኔ አክስቴን አስልኬያለሁ። ከሌላችሁ በተባለው ሰዓት ላይ አትቆጥቡ። መሀሉን በቢላዋ ከፍታችሁ የሚወጣው ፈሳሽ ደም ሳይመስል ጥርት ያለ፣ ሥጋው ውስጡ ድረስ የሚያቃጥል ትኩስ መሆን አለበት። ቀለም ብቻውን ግን ያታልላል፤ አንዳንዱ ሥጋ ሳይበስል ቡናማ ይሆናል፣ በካሮትና በቲማቲም ምክንያት ደግሞ በስሎም ቀይ ሊመስል ይችላል። ጥሬውን ሥጋ የነካ እጅ፣ ቢላዋና መክተፊያም ሰላጣ ከመንካቱ በፊት በሳሙና ይታጠብ። ጨው ይበቃው እንደሆነ ለማወቅ ጥሬውን አትቅመሱ፤ በጣት የምታህል ቆንጥራችሁ መጥበሻ ላይ አብስላችሁ ቅመሱ።

ሦስተኛው እሁድ

ሙልሙሉን ቆራርጬ በትልቁ ትሪ ላይ፣ በእንጀራው መሀል ደረደርኩት። በአንድ በኩል ጎመን፣ በሌላው የቲማቲም ቁርጥ በቃሪያና በሎሚ። ድንችም ነበር፣ ግን ነጭ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል ነክቶት የተጋገረ። እማዬ ለአባዬ ሳህን ልታወጣ ስትል «ተይው፣ ዛሬ አንድ ድስት ነው» አልኳት። አየት አደረገችኝና ሳህኑን መለሰች።

አባዬ መጣ። ትሪውን አየ። «ይሄ ሙልሙል ምንድን ነው? ቡሄ ደረሰ እንዴ?» አለና ቁጭ አለ። አንድ ቁራሽ በእንጀራ ጠቅለል አድርጎ ጎረሰ። ሁላችንም አፉን እናያለን። አኘከ፣ ዋጠ፣ ደገመ። ከዚያ ሦስተኛውን ጠቅልሎ ለእኔ ዘረጋልኝ። ጉርሻው ትልቅ ስለነበር መልስ መስጠት አልቻልኩም፤ ደግነቱ የምለውም አልነበረኝም።

«ጨው አንሶታል» አለ ሲጨርስ።

«አውቀን ነው» አለች እማዬ።

«እኔም አውቄ ነው የምናገረው» አለና ሳቀ።

ሉካንዳ ቤቱን ሙሉ በሙሉ ተወው ብዬ አልዋሻችሁም። በወር አንዴ ከጓደኞቹ ጋር ብቅ ይላል፤ ግን አስጠብሶ ይበላል፣ ለእማዬም ይነግራታል። መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል፤ ይህን ደግሞ ምንም ዓይነት ሙልሙል አይተካውም። ለክትትል ሲሄድ የሚበላውን ሁሉ ለሐኪሙ ይዘረዝርላቸዋል፣ ወተት የነከረ ዳቦ ሳይቀር።

የተረፈውን ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ሳታቆዩ ፍሪጅ ውስጥ ክተቱት፤ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ስትበሉት በደንብ አሙቁት። እኔ ጠዋት አንድ ቁራጭ አሙቄ ከሰላጣና ከቲማቲም ጋር ዳቦ ውስጥ አድርጌ ለምሳ እይዛለሁ። ጫፍና ጫፉን ግን አልነካም። ቅርፊት ስላለው አባዬ «የእኔ ነው» ብሎ በፎይል ጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ ስሙን ጽፎበታል።